ሰማያዊው ቀለም የጠፋ ዕለት

ለጢፋ ስትቆጣ አትጮህም። ድምፅዋ ይቀጥናል፤ ቃሉ አንድ በአንድ እየተመዘነ ይወጣል። እናቷ ዙቤይዳ ያንን ቀጭን ድምፅ ከሰማች ነገሩን ትታ ወደ ጓሮ ነው የምትወጣው። በጅማ በቾ ቦሬ ሰፈር የሚኖረው ጎረቤት ሁሉ «የዙቤይዳ ልጅ አመለ ሸጋ ናት፤ ብቻ ያልሠራችውን ሠራሽ አትበሏት» ይል ነበር። በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ያልሠራችውን ሠራሽ የሚላት ሰው መጣ።

ያኔ ገና ሠላሳ አልሞላትም። ከቴክኒክና ሙያ በኤሌክትሮኒክስ ዲፕሎማዋን ይዛ ወጥታ፣ ከአንዱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ወደ ሌላው ስትዞር ጫማዋን ጨርሳ፣ በመጨረሻ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጀች። አንዷ መቅዲ ናት፤ አባቷ ከሸዋ መጥተው ጅማ ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ያረጁ፣ እሷ ደግሞ ኮምፒዩተር ላይ ፊደል ስታሰማምር ምሳዋን የምትረሳ ልጅ። ሌላው ልዑል ነው። ከአዲስ አበባ ለትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ መጥቶ፣ ከተመረቀም በኋላ ጅማን መልቀቅ ያቃተው፣ ያናገረው ደንበኛ ሳያዝ የማይሄድ አፈ ቅቤ። ለሦስቱ መንገድ ዳር አንድ የቆርቆሮ ሼድ ተሰጣቸው። በብድርም አንድ ያገለገለ የባነር ማተሚያ ማሽን ገዙ።

ማሽኑ ርዝመቱ ከአልጋ ይበልጣል። ከኋላው ጥቅል ሸራ ይጎርሳል፤ መርጫው ከግራ ወደ ቀኝ እየተመላለሰ ቀለም ያርከፈክፍበታል፤ ከፊቱ የሠርግ ፎቶው፣ የሱቁ ስም፣ የምርቃቱ መልካም ምኞት እየታተመ ይወርዳል። ያለው ቀለም አራት ብቻ ነው፤ ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ቢጫና ጥቁር። የቀረውን ሁሉ ከአራቱ ቀላቅሎ ነው የሚያወጣው። ሲበላሽ ልዑል ስልክ ያነሳል፣ መቅዲ እጇን ራሷ ላይ ትጭናለች፣ ለጢፋ ክዳኑን ትከፍታለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ማሽኑ የእሷ ሆነ።

የጅማ ዝናብ ለዚህ ማሽን አይመችም። ሸራው እርጥበት ጠጥቶ ጠርዙ ይሸበሸባል፤ የተሸበሸበው ሲነሳ መርጫውን ይመታዋል። ለጢፋ ከማተሟ በፊት ጥቅሉን አውርዳ፣ ዘርግታ፣ በማሞቂያ ታናፍሰዋለች። መብራት ድንገት ሲሄድ ደግሞ መርጫው መንገድ ላይ ይቀራል፤ እዚያው ከቆየ ቀለሙ ቀዳዳው ላይ ይደርቅና በሚቀጥለው ሥራ ሁሉ ነጭ ነጭ መስመር ያሰምርበታል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ ሻማ ፍለጋ ሲሮጥ እሷ ወደ ማሽኑ ትሮጣለች፤ መርጫውን በእጇ ገፍታ ማረፊያው ላይ ታስቀምጠዋለች። ማሽኑ የነካውን ሁሉ ሲነዝር ሰነበተና አንድ ቀን ከሼዱ ጀርባ ጉድጓድ አስቆፍራ፣ ብረት ቀብራ፣ ከሰልና ጨው ሞልታ የመሬት ሽቦ አበጀችለት። ከዚያ ወዲህ አልነዘረም።

ሼዱን የሰጣቸው የጥቃቅንና አነስተኛ ማደራጃ ቢሮው ኃላፊ አቶ ዘለቀ ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም። ሲመጣ «ልጆቼ» ይላል፤ ሲሄድ «በርቱ» ይላል። ሥራ ሲኖርም ወደ እነሱ ይልካል። ያን ዕለት ጠዋት ራሱ መጣ።

«ነገ አጋሮ የቡና ገበሬዎች ሽልማት አለ» አለ። «ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ። ባነሩ ዛሬ ከሰዓት ታትሞ፣ ዛሬውኑ አጋሮ ገብቶ ይሰቀላል።»

መቅዲ ጽሑፉን ተቀብላ አሰማመረች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተደወለና የመሥሪያ ቤቱ ስም አጠራር ተለወጠ። አስተካከለች። ደግሞ ተደወለ፤ «ምርታማነት» ከ«ጥራት» ይቅደም ተባለ። አስቀደመች። ከምሳ በኋላ ደግሞ የእንግዳው ማዕረግ ተቀየረ። ለጢፋ እስከዚያው ማሽኑን ስታዘጋጅ የፈተና ወረቀት አውጥታ ሰማያዊው ላይ ጥቂት የተቆራረጡ መስመሮች አየች። ቀዳዳው ደርቆ ይሆናል ብላ መርጫውን በማጠቢያ አጠበችው። ድጋሚ ስትፈትነው ሙሉ ሆነ። «ይኸው፣ ጤነኛ ነው» አለች።

ማተም ሲጀመር ሰማዩ ጠቁሯል። የባነሩ ግማሽ እንደወረደ መብራት ጠፋ። ለጢፋ መርጫውን ወደ ማረፊያው ገፋችው። መብራቱ ሲመለስ ከቆመበት ቀጠለች። አቶ ዘለቀ በበሩ መካከል ቆሞ፣ አንድ እጁ ላይ ስልክ፣ ሌላው ላይ የመኪና ቁልፍ ይዞ፣ ሸራው ሲወርድ ያያል። መቅዲ ከኮምፒዩተሯ ፊት ናት። ውጭ ሾፌሩ ጥሩንባ ይነፋል።

የባንዲራው ሥዕል ያለው በባነሩ መጨረሻ ጫፍ ላይ ነበር። እዚያ ሲደርስ ለጢፋ ዓይኗን አላመነችም። አረንጓዴው ወይቦ ወደ ቢጫ እየሄደ ነው። መሐሉ ላይ ያለው ሰማያዊ ክብ ደግሞ ሮዝ ሆኗል፤ ኮከቡም በዚያ ውስጥ ጠፍቷል።

«አቶ ዘለቀ፣ ሰማያዊው ደክሟል» አለችው። «ይህንን ጫፍ ብቻ ደግሜ ላትመው። ቆርጠን እንቀጥለዋለን። ስፌቱ አይታይም።»

አቶ ዘለቀ ጠጋ ብሎ አየ። አላየም አይባልም፤ መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ አድርጎ ነው ያየው። «ከሩቅ ማን ያየዋል?» አለ። «እንግዶቹ መንገድ ላይ ናቸው፣ ሰኮሩን አልፈዋል እየተባልኩ ነው። ስጪኝ።»

«ትንሽ ጊዜ ነው የምጠይቅዎ።»

«ለጢፋ፣ ይበቃል አልኩ።»

ቆርጣ ሰጠችው። ራሱ ጠቅልሎ፣ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ በዝናቡ ውስጥ ወደ መኪናው ሮጠ።

በማግስቱ አጋሮ የሆነውን ለጢፋ የሰማችው ከሰው ነው። ድንኳኑ ተሞልቶ፣ ገበሬዎቹ በክብር ልብሳቸው ተቀምጠው፣ ከእንግዶቹ አንዱ ለፎቶ ከባነሩ ሥር ሊቆም ሲሄድ ቀና አለ። ቀና ብሎም ቆየ። «ይሄ ባንዲራ የማን ነው? ዓርማው የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀ አሉ። በዚያ ዘመን ዓርማ የሌለው ባንዲራ ማውለብለብ የት እንደሚያደርስ የማያውቅ አልነበረም። ባነሩ ወዲያው ወረደ። ከሰዓት በኋላ የለጢፋ ስልክ ጮኸ።

«ምን አደረግሽኝ?» አለ አቶ ዘለቀ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

«እኔ?» አለች ለጢፋ። «እርስዎ አይደሉም እንዴ ያዩት?»

ስልኩ ተዘጋ።

በነጋታው ፖሊስ ጣቢያ ተጠራች። ጠዋት ሄዳ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ማንም ምንም ሳይጠይቃት ረፋዱ አለፈ። ምሳ ሰዓት ሆነ፤ ምሳ ሰዓት አለፈ። ዙቤይዳ ከምትሠራበት የቡና መጋዘን፣ ፍሬ ከፍሬ ስትለቅም ከቆየችበት፣ ሽርጧን እንኳን ሳትፈታ እየሮጠች መጣች።

«ማል ታቴ? ምን ሆንሽ ልጄ?» አለች እናት።

«ምንም አልሆንኩም እማ። ተቀምጫለሁ።»

«ምን አልሽ? ምን ተናገርሽ?»

«ወላሂ ማንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ እኮ እናገር ነበር።»

አንድ ወጣት ፖሊስ አዝኖ ለለጢፋ ውሃ ሰጣት። ውሃውን ስትጠጣ ጎንበስ ብሎ «እንትን፣ የወንድሜ ሠርግ ደርሷል፤ ትልቅ ፎቶ ታወጪልናለሽ አይደል?» አላት። ለጢፋ ብርጭቆውን አስቀምጣ አየችው። ሰውየው ከልቡ ነው የጠየቃት። ይህ ነው ይበልጥ ያናደዳት፤ አንዱ እጅ ይይዛታል፣ ሌላው እጅ ሥራ ያዛታል፣ ሁለቱም እጆች አይተዋወቁም። ፀሐይ ሳትጠልቅ «ሂጂ፣ ስንፈልግሽ እንጠራሻለን» ብለው ለቀቋት።

ወደ ቤቷ አልሄደችም። ሼዱ ውስጥ ልዑልና መቅዲ ተቀምጠው ነበር። ሰላምታም ሳትሰጥ ማሽኑን አስነሳች። የፈተና ወረቀት አወጣች፤ ሰማያዊው ሙሉ ነው። ሰፊ ሰማያዊ ሥዕል አዘዘችው። መጀመሪያ ደመቀ፤ ክንድ ያህል እንደወረደ ገረጣ፤ ቀጥሎ ጠፋ። ደግማ ፈተነች። ትንሽ አርፎ ነበርና ተመልሶ ሙሉ ሆነ።

«ያ ረቢ!» አለች። «አልደረቀም! እኔ መርጫውን ሳጥብ፣ ሳጥብ፤ ችግሩ እዚያ አይደለም።»

ቀዳዳው ደርቆ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያውም አይተፋም ነበር። ይህ ግን ሲጀምር ይተፋል፣ ሲሮጥ ይጠማዋል። ቀለም አይደርሰውም ማለት ነው። ከቀለም ዕቃው እስከ መርጫው ያለውን ቱቦ በጣቷ እየዳሰሰች መጣች። መርጫው አናት ላይ ቀለሙ የሚጠራቀምባት የክብሪት ቀፎ የምታህል ፕላስቲክ አለች፤ እሷን ነቅላ ወደ አምፖሉ አነሳቻት። ጎኗ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበር። ማሽኑ ቀለም ሲስብ በስንጥቁ አየር ይገባል። የሰማያዊው ነገር ይኸው ነው።

በማግስቱ አቶ ዘለቀ መጣ። «ልጆቼ» አላለም። ለጢፋ ፕላስቲኳን ይዛ ተቀበለችው፤ ወደ ብርሃን አድርጋ አሳየችው፤ የገረጣውንም ሥዕል ዘረጋችለት። አቶ ዘለቀ በጥሞና ሰማት። ልብ አድርጎ ነው የሰማት፤ አንድ ሁለት ጥያቄም ጠየቃት፤ የጠየቀውም የገባው ሰው የሚጠይቀውን ነበር።

«ገብቶኛል» አለ በመጨረሻ። «አምንሻለሁም።»

«እንግዲያው ይህንኑ ይንገሩልኝ።»

«ለማን ልንገር? ለጢፋ፣ እኔን ከበላይ ያሉት ስም አምጣ ነው የሚሉኝ። ፕላስቲክ ነው ብዬ ልሂድ? ፕላስቲክ አይገመገምም።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ዓርብ የግምገማ መድረክ አለ። ተነሺና ግለ ሂስ አድርጊ። ቸልተኛ ነበርኩ፣ የአመለካከት ክፍተት ነበረብኝ፣ አስተካክላለሁ በይ። በዚያው ያልቃል። ሼዱም ይተርፋል።»

«የአመለካከት?»

«ቃል ነው እኮ! ቃል ምን ይሆናል?»

«ቃል ብቻ ከሆነ ለምን እርስዎ አይሉትም?» አለች ለጢፋ።

አቶ ዘለቀ ተነስቶ ሄደ።

ልዑል ጉሮሮውን ጠረገ። «ለጢፍዬ፣ እስቲ ረጋ ብለን እናስብ። ብድሩ የሦስታችን ነው። ሁለት ደቂቃ ቆመሽ ብትናገሪ...»

«አንተ ለምን አትቆምም?»

«ማሽኑ ላይ የነበርሽው አንቺ ነሽ።»

«አዎ። ሥራው ሲኖር ‹ማሽናችን›፤ ጥፋቱ ሲመጣ ‹ማሽንሽ›።» መቅዲ ወደ ኮምፒዩተሯ ዞረች። ያን ሳምንት ሦስቱም ሼዱ ውስጥ እንደማይተዋወቁ ሰዎች እየተላለፉ ሠሩ።

ዙቤይዳም ለመነቻት። «የእኛ ሰው ስንቱን ዋጥ አድርጎ ኖሯል ልጄ። ጨሊሲ። ዝም በይ። አላህ ያያል።»

«አላህስ ያያል እማ። እኔን ያስቆጣኝ አቶ ዘለቀም ማየቱ ነው። በመነጽሩ ነው ያየው!»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። ብሎኬት የሚያመርቱት፣ ልብስ የሚሰፉት፣ ከብት የሚያደልቡት፣ ማኅበርተኛው ሁሉ ተጠርቷል። ከፊት ጠረጴዛው ላይ ሰብሳቢው፤ ከጎኑ አቶ ዘለቀ። የጥራት ችግር፣ የሰዓት ማክበር ችግር፣ የቁጠባ ችግር ሲባል ቆይቶ ነገሩ ወደ ባነሩ መጣ። ሰብሳቢው ስለ ሰንደቅ ዓላማ ክብር ረዘም ያለ ንግግር አደረገና ዞሮ «እስቲ የሚመለከታት እህት ትነሳ» አለ። ለጢፋ ተነሳች።

«ችግሩን እንለየው» አለ ሰብሳቢው። «ያጋጠመው የአመለካከት ነው፣ የክህሎት ነው ወይስ የግብዓት?»

«የግብዓት ነው» አለች ለጢፋ፤ ፕላስቲኳንም ከቦርሳዋ አወጣች። «ይህች ተሰንጥቃ ነበር። ሰማያዊ ቀለም የሚያልፈው በዚህች ነው። የክህሎት ችግርም አለብኝ፤ ጠዋት ሰማያዊው ሲቆራረጥ ሳይ ቀዳዳው ደርቋል ብዬ ተሳሳትኩ፣ ያለ ቦታው አጠብኩ። ይህን ጥፋቴን በሰው ፊት እናገራለሁ። የአመለካከት ችግር ግን የለብኝም። የሌለብኝን አልናገርም።»

አዳራሹ ውስጥ ሳል ተሰማ።

«እህት፣ ራስን ለማየት ድፍረት...»

«ይቅርታ፣ አልጨረስኩም። ባነሩ ከማሽኑ ሳይወጣ ሰማያዊው እንደ ደከመ ተናግሬያለሁ። ደግሜ ላትመው ብያለሁ። አቶ ዘለቀ እዚያው ቆመው ነበር። መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ‹ከሩቅ ማን ያየዋል› አሉኝ። ጠቅልለው የወሰዱትም ራሳቸው ናቸው። ይህን የምናገረው እሳቸውን ለመክሰስ አይደለም። የቸኮለ ሰው ነበሩ፤ ዝናብ ነበር። እኔን የገረመኝ፣ ይኼ ሁሉ ሰው እዚህ ተሰብስቦ፣ አንድ ሰው ያየውን አየሁ ማለት እንዴት ያቅተዋል?»

አቶ ዘለቀ ፊት ለፊቱ ያለውን ወረቀት ያገላብጥ ጀመር። ሰብሳቢው ወደ እሱ ዞሮ «እውነት ነው?» ቢለው ነገሩ ያልቅ ነበር። አልጠየቀውም። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚባለው ይህ ነው፤ ዳውላው ደግሞ በዚያን ቀን አፍ አውጥቶ ተናገረ፤ ሰብሳቢውን ያስደነገጠውም እሱ ነው።

«ለሚባለው ነገር ምስክር የለም» አለ ሰብሳቢው።

«እኔ አለሁ።» መቅዲ ነበረች። ወንበሯን ይዛ ተነሳች። «እኔም እዚያው ነበርኩ። ከሩቅ ማን ያየዋል ሲሉ ሰምቻለሁ። ለጢፋ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ ስትልም ሰምቻለሁ። ዝም ብዬ በመቆየቴ አፈርኩ።»

ከኋላ ወንበሮች ማጉረምረም ተነሳ። አንዷ ልብስ ሰፊ «ዹጋዳ! እውነቷን ነው!» ብላ ጮኸች። ልዑል መሬት መሬት ያይ ነበር። ሰብሳቢው ሰዓቱን ተመልክቶ መድረኩን አመሰገነ፤ ቀሪው አጀንዳ በሌላ ጊዜ እንደሚታይ ተናግሮ በተነው።

ፍርድ የሚጠብቅ ሰው ቢኖር ፍርድ አልመጣም። ፖሊስም ከዚያ በኋላ አልጠራትም፤ ያለመጥራቱን ምክንያትም የነገራት የለም። አቶ ዘለቀ ከወራት በኋላ ከማደራጃው ተነስቶ ወደ ተሻለ ወንበር ተዛወረ። ለእነ ለጢፋ ደግሞ ሼዱ ለአዲስ ተደራጆች ስለሚፈለግ ይለቀቅ የሚል ትእዛዝ ደረሳቸው። ለጢፋ ከቢሮ ቢሮ እየዞረች አቤት አለች። አንዱ ወደ ሌላው፣ ሌላው ወደ መጀመሪያው ሲመልሳት፣ በመጨረሻ አንዱን ጸሐፊ «እናንተ እኮ እንደ ማሽናችን መርጫ ናችሁ፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፤ እሱ ግን ቢያንስ ቀለም ይተዋል» ብላው ወጣች።

በቾ ቦሬ ውስጥ፣ ከእናቷ ቤት አጠገብ፣ አንድ ሰፊ ክፍል ተከራዩ። ማሽኑን በአይሱዙ ሲያወርዱት ልዑል ከሁሉ በፊት ሸሚዙን ሰብስቦ ከበታች ገባ። ብዙ ቀን ነበር ከለጢፋ ጋር በወጉ ያልተነጋገሩት። የማሽኑን እግር ሲያስተካክሉ፣ ውሃ ልኩን እያየ፣ ቀና ሳይል «መቆም የነበረብኝ እኔ ነበርኩ» አላት። ለጢፋ ብሎኑን አጥብቃ ጨረሰች። ከዚያ ከውሃ ጠርሙሷ ቀድታ ሰጠችው። ይቅርታዋ ከዚያ በኋላም ጊዜ ወሰደ።

አዲሷን ፕላስቲክ ልዑል ከአዲስ አበባ አስመጣ። መጀመሪያ የታተመው የአንድ የመስጊድ ግንባታ ማስታወቂያ ነበር፤ ቀጥሎ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ዓመታዊ ክብረ በዓል። ከሊሙ ገነት የቡና ነጋዴ ለመጋዘኑ ስም ሊያሠራ መጣ። መንግሥት ሥራ ባይልክም ሰው አልቀረባቸውም፤ እንዲያውም አንዳንዱ የአዳራሹን ወሬ ሰምቶ ነበር የሚመጣው። «ያችን ልጅ ለማየት ነው» ይላል፣ ሳያፍር። ለጢፋ እንዲህ ሲሏት አትወድም። እሷ ጀግና አልሆንኩም ባይ ናት። የተናደደች ሠራተኛ ነበርኩ፤ አሁንም አልበረደልኝም ትላለች።

በዓመቱ ከማደራጃው አንድ አዲስ ወጣት ኃላፊ መጣ። ትሑት ነው፤ ጫማውን በር ላይ ጠርጎ ገባ። ሼዱ ባዶ እንደሆነ፣ ሊመለሱበት እንደሚችሉ፣ ሥራም እንደሚኖር ነገራቸው። ከዚያ አንገቱን አከክ አከክ አደረገ።

«አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ናት። ያ የባነር ጉዳይ ገና አልተዘጋም። ለመዝጋት ያህል፣ እህት ለጢፋ ትንሽ ይቅርታ ብትጠይቅ...»

መቅዲና ልዑል ለጢፋን አዩ። በዚህ ጊዜ ግን ቀድሞ የተናገረው ልዑል ነው። «እኛ ሼድ አልጠየቅንም» አለ።

ለጢፋ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ወደ ወጣቱ ቀረበች። «ወንድሜ፣ አንተ ላይ ቂም የለኝም። ያኔ እዚህ አልነበርክም። ይቅርታ ካለ ግን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ያለ ጥያቄ አግዳሚ ላይ ያስቀመጡኝ እነሱ ናቸው። ያየውን አላየሁም ያለው ሰው ተሹሟል። እኔ ምን አድርጌ ነው የምጠይቀው?»

«ይህንኑ ነው የምላቸው?» አለ ወጣቱ።

«ይህንኑ በላቸው። አንድ ቃል አትቀንስ።»

ወጣቱ አመስግኖ ወጣ። በሩ ላይ ከኪቶ ፉርዲሳ የመጡ ተመራቂ ተማሪዎች የክፍላቸውን ፎቶ ለማሳተም ወረፋ ይዘው ቆመው ነበር። ለጢፋ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ «ቀጥሎ ማነው?» አለች።